በእርሳስ የተሳለ የልጆች መፅሀፍ ማተሚያ ቤት ሲገባ፦ የአንድ ስራ የጉዳይ ጥናት

ለምን እንደፃፍኩት

ከ2016 እስከ 2017 አብሬያት የሰራሁት አንድ የልጆች መፅሀፍ አለ። ባለቤቷ ሰአሊም ፀሀፊም ናት፣ ቀለም አትነካም፣ ሁሉንም በእርሳስ ነው ምትሰራው፣ ታሪኩንም ራሷ ነው ምትፅፈው። እኔ ገፁን አቀናብሬ ፋይሉን ለህትመት ያዘጋጀሁላት ሰው ነኝ። መፅሀፉ አሁን ወጥቷል፣ ግን እዛ እስኪደርስ ሁለት ጊዜ ልንተወው ነበር። እርሳስ ይዘው የሚሰሩ ጎበዝ ልጆች በየጊዜው ይደውሉልኛል፣ "ስዕሌን ሳሳትመው ሞተብኝ" ይሉኛል፣ ምክንያቱ ደግሞ ሁሌም ያው ነው ማለት ይቻላል። ስለዚህ ለእያንዳንዱ በስልክ ከማስረዳ እሷን አስፈቅጄ ከነስህተታችን አንድ ቦታ ላስቀምጠው ብዬ ነው። የሰዎቹን ስም፣ የመፅሀፉን ርዕስ፣ የማተሚያ ቤቱንም ስም ትቼዋለሁ።

ሰአሊዋና ስራዋ

ስዕል ተምራ ነው የወጣችው፣ አንድ የግል ትምህርት ቤት ታስተምራለች፣ ምትሰራው ፈረንሳይ ለጋሲዮን አካባቢ በተከራየቻት አንድ ክፍል ውስጥ መስኮት ስር ባለ ጠረጴዛ ላይ ነው። እርሳስ የጀመረችው ቀለም ስለሚወደድ ነበር፣ በኋላ ግን ቀለም መግዛት ስትችልም አልተመለሰችም፣ ምክንያቱም እርሳስና አንድ ደብተር ይዘሽ ድንጋይ ላይ ተቀምጠሽ መስራት ትችያለሽ፣ ውሀ አይፈልግ፣ መድረቂያ ጊዜ አይፈልግ፣ ከብቱም ሰውም ሳይበረግግ።

በ2015 ጥቅምት ላይ ብር አጠራቅማ መንዝ ሄደች፣ ጓሳ። ለማያውቀው፣ ጓሳ ሰሜን ሸዋ ውስጥ ከመሀል ሜዳ ብዙም ሳይርቅ ያለ፣ ከ3,200 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው የሳር ምድር ነው፣ የአካባቢው ህዝብ በራሱ ስርአት ለመቶዎች አመታት እየጠበቀ ያቆየው፣ ሳሩን ለቤት ክዳን ለገመድ በጊዜው ብቻ እያጨደ የኖረበት። ጭላዳ እዛ በደንብ ይገኛል፣ ጭላዳ ደግሞ ከኢትዮጵያ ደጋ ውጪ የትም አለም ላይ የለም። ማታ ገደል ላይ ያድራሉ፣ ጠዋት ፀሀይ ስትወጣ ወደ ሜዳው ይወጡና በቂጣቸው ቁጭ ብለው እየተንሸራተቱ ሳር በጣታቸው ይነጫሉ። እሷ አስራ አንድ ቀን ሙሉ ይህንን ስትስል ከረመች። የስኬች ደብተሯን አይቼዋለሁ፣ ጠዋት ጠዋት በብርድ ጣቷ አልታዘዝ እያለ የሳለቻቸው መስመሮች ይንቀጠቀጣሉ፣ ከነሱ ሁለቱን እንዳሉ መፅሀፉ ውስጥ አስገብተናል፣ ከሁሉም በላይ እነሱን ነው የምወዳቸው።

ታሪኩ ቀላል ነው። ገሳ የለበሰ እረኛ ልጅ ጉም ውስጥ ግልገል ይጠፋበታል፣ ሲፈልግ ከጭላዳ መንጋ ጋር ይውላል፣ ቀይ ቀበሮ ከጭላዳዎቹ መሀል እየተመላለሰች አይጥ ስታድን ያያል (ይሄ እውነት ነው፣ ጓሳ ላይ ቀይ ቀበሮ መንጋው መሀል ገብታ ታድናለች፣ ጭላዳዎቹም ብዙ ጊዜ ዝም ይሏታል)፣ መጨረሻ ላይ ግልገሉን ገደሉ አፋፍ ላይ ያገኘዋል። 26 ስዕል፣ ሁሉም በኤ3 ወረቀት፣ ከ2ኤች (ጠንካራና ፈዛዛ) እስከ 8ቢ (ለስላሳና በጣም ጥቁር) ባለው እርሳስ። አንዱ ስዕል በአማካይ አራት አምስት ቀን ይፈጅባት ነበር፣ ማታ ከስራ መልስ።

ችግሩ

ሐምሌ 2016 ላይ ስዕሎቹን በስልኳ አነሳቻቸው፣ ስልክ ላይ በሚጫን ስካን ማድረጊያ አፕ። ፅሁፉን በወርድ ፃፈችና ሁሉንም በፍላሽ ይዛ ለአንድ ማተሚያ ቤት ሰጠች። ከሳምንት በኋላ ሳምፕል መጣ፣ ያኔ ነው እኔን የጠራችኝ።

አንዱን ገፅ ብቻ ልንገራችሁ። ትልቁ ወንድ ጭላዳ ጀርባውን ሰጥቶ ቋጥኝ ላይ ተቀምጧል፣ ጎፈሩን ነፋስ ይበትነዋል፣ ከፊቱ ጉም ነው። ኦሪጅናሉ ላይ ጉሙ በ2ኤች ወረቀቱን ነካ ነካ ብቻ ተደርጎ የተሰራ ነው፣ ከጉሙ ውስጥ ደግሞ የሩቅ ገደል ጠርዝ እንደ ትንፋሽ ይታያል፣ ጎፈሩ ላይ እያንዳንዱ ፀጉር የራሱ ጨለማና የራሱ ብርሀን አለው። ሳምፕሉ ላይ ጉም የለም፣ ገደል የለም፣ ባዶ ነጭ ነው። ጎፈሩ አንድ ግራጫ ጨርቅ ሆኗል። ከሁሉም የገረመኝ በ8ቢ ጠንክራ ያጠቆረችው ብብቱ ስር ያለው ጥላ ከዙሪያው ፈዝዞ መምጣቱ ነው፣ በጣም ጥቁር መሆን የነበረበት ቦታ ብርማ ግራጫ ሆኖ። ኦሪጅናሉን አምጥታ አጠገቡ አስቀመጠችው፣ ብዙ ጊዜ ዝም ብላ አየችው፣ ከዛ "ይሄ የኔ አይደለም" አለች።

አብረን ወደ ማተሚያ ቤቱ ሄድን። ኮምፒውተሩ ላይ ያለው ልጅ ቅን ልጅ ነው፣ ችግሩ ገብቶት "ላጥቁረው?" አለና ኮንትራስቱን፣ የጥቁሩንና የነጩን ልዩነት፣ ጨመረው። ያኔ የወረቀቱ ሻካራነት ሳይቀር እንደ ቆሻሻ ብቅ አለ፣ ግራጫው በሙሉ ወደ ጥላሸት ሄደ። ሁለተኛው ሳምፕል ከመጀመሪያው ባሰ፣ በዛ ላይ ወደ አረንጓዴ የሚያደላ መልክ ነበረው።

ፅሁፉም የራሱ ችግር ነበረው። በቆየ የፓወር ግዕዝ ፎንት ስለተፃፈ እዛ ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት የፈረንጅ ፊደልና ምልክት ሆኖ ተዘበራረቀ። እሱ እንኳን ቶሎ የሚስተካከል ነው። የባሰው ፅሁፉ ከስዕሉ ጋር አንድ ነገር ሁለቴ ማውራቱ ነበር፣ ይሄን ግን በዛን ሰአት አላየነውም።

ምክንያቱን ስንፈልግ ያገኘነው

መጀመሪያ እርሳስ ራሱ ምንድነው የሚለውን ማወቅ ያስፈልጋል። እርሳስ ብለን ብንጠራውም እርሳስ የሚባለው ብረት የለበትም፣ ግራፋይትና ሸክላ ነው። ሁለቱን ለውሶ ጠብሶ የመስራቱን ዘዴ ኒኮላ ዣክ ኮንቴ የሚባል ፈረንሳዊ በ1795 እ.ኤ.አ. ነው ያመጣው፣ ሸክላው ሲበዛ ጠንካራና ፈዛዛ ይሆናል፣ ኤች ምንለው እሱ ነው፣ ግራፋይቱ ሲበዛ ለስላሳና ጥቁር ይሆናል፣ ቢ። ግራፋይት የሚሰራው ከስስ ቅጠል መሰል ንጣፎች ነው፣ ደጋግመን ስንጫነው ንጣፎቹ ወረቀቱ ላይ ይተኙና እንደ መስታወት ብርሀን ይመልሳሉ። የ8ቢው ጥላ ለዛ ነው የፈዘዘው፣ ካሜራው ያየው የመስኮቱን ብርሀን ነው። ብዙ በተጫንሽ ቁጥር ለአይንሽ ይጠቁራል ለካሜራ ግን ይነጣል፣ "ይሄን ነገር በጊዜው ማንም አልነገረኝም፣ እኔም ለተማሪዎቼ አልነገርኳቸውም" ብላ በጣም አዘነች።

ሁለተኛው አፑ ነው። እነዚህ አፖች የተሰሩት ለደረሰኝና ለመታወቂያ ነው፣ ስራቸው ወረቀቱን ነጭ ፊደሉን ጥቁር ማድረግ ነው፣ ፈዛዛ ግራጫ ሲያዩ የወረቀቱ ቆሻሻ መስሏቸው ያፀዱታል። ጉሙን ያጠፋው እሱ ነው።

ሶስተኛው ህትመቱ። የኦፍሴት ማሽን ግራጫ ቀለም የለውም፣ ወይ ያትማል ወይ አያትምም፣ ግራጫውን የሚሰራው በትንንሽ ጥቁር ነጠብጣቦች ነው። ነጠብጣቡ ደግሞ ወረቀቱ ላይ ሲያርፍ ይሰፋል፣ ሽፋን የሌለው ተራ ኦፍሴት ወረቀት ላይ ሽፋን ካለው የሚያብለጨልጭ ወረቀት፣ ከአርት ፔፐር፣ የበለጠ ይሰፋል፣ ስለዚህ ስክሪን ላይ መካከለኛ የነበረው ግራጫ ወረቀት ላይ ጠቆር ብሎ ይመጣል። አረንጓዴው መልክ የመጣው ደግሞ ፋይሉ በባለ አራት ቀለም ስለተዘጋጀ ነው፣ ግራጫውን ሰማያዊ፣ ሮዝ፣ ቢጫና ጥቁር ተደራርበው ሲሰሩት አንዱ ትንሽ ከበለጠ መልኩ ይዞራል።

ያደረግናቸው ነገሮች

ነሐሴን ሙሉ ስካን በማድረግ ነው ያሳለፍነው። ጓደኛዬ ቢሮ ያለ ኤ4 ስካነር ነበር፣ ኤ3ውን ስዕል ግማሽ ግማሹን፣ መሀሉ እንዲደራረብ አድርገን አንስተን ኮምፒውተር ላይ ገጠምነው። 600 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 600 ነጥብ)፣ 16 ቢት ግሬይ (ብዙ የግራጫ ደረጃ የሚይዝ)፣ ስካነሩ በራሱ የሚያደርገው ማስተካከያ በሙሉ ተዘግቶ። ስክሪን ላይ ሲመጣ ፈዛዛና አስቀያሚ ይመስላል፣ እንደዛ መምሰሉ ነው ትክክሉ፣ ሁሉም ግራጫ እዛው ውስጥ አለ። ስዕሉ መስታወቱ ላይ ካረፈ በኋላ በፍፁም አይጎተትም፣ ይነሳና እንደገና ይቀመጣል፣ በየመሀሉ መስታወቱ በደረቅ ጨርቅ ይጠረጋል፣ ምክንያቱም ግራፋይቱ ይቀርበትና ቀጣዩ ስዕል ላይ ይለጠፋል። የሚያብለጨልጩትን ስዕሎች ደግሞ አንዴ በቁሙ አንዴ በአግድሙ አዙረን አነሳናቸው፣ ብርሀኑ በሌላ አቅጣጫ ሲመታው ማብለጭለጩ ይቀንሳል፣ የተሻለውን መረጥን።

ከዛ በጣም የጠቀመን ነገር መጣ። እንዲያ በተመላለስንበት ማተሚያ ቤት ማሽኑ ላይ የሚሰሩ አንድ ትልቅ ሰው ነበሩ፣ ጋሼ እያልናቸው ነው፣ ሳምፕሉን አገላብጠው አይተው "ልጄ፣ ወረቀቱ ምን ያህል እንደሚጠጣ ሳታውቂ እንዴት ታሳትሚያለሽ" አሏት። በሳቸው ምክር ከ0 (ነጭ) እስከ 100 (ጥቁር) በ5 በ5 እየጨመረ የሚሄድ የግራጫ መሰላል ሰራሁ፣ እሳቸው ደግሞ በእኛው አይነት ወረቀት ለሌላ ሰው ስራ ሲያትሙ ተቆርጦ የሚጣለው ጠርዝ ላይ አስገቡልን። አንድ ጣት የምታህል ቁራጭ ወረቀት ናት። ስናያት 5ቱ ለመኖሩ ያጠራጥራል፣ ከ85 በላይ ያለው በሙሉ አንድ አይነት ጥቁር ነው፣ 50ው እንደ 65 ሆኖ ቁጭ ብሏል። ወር ሙሉ ስንከራከርበት የነበረውን ነገር ያቺ ቁራጭ በአንዴ መለሰችው። ያን ጊዜ ቁጥር አገኘን ማለት ነው፣ ጉሙ ከ7 በታች እንዳይወርድ፣ ጥላው ከ85 በላይ እንዳይሄድ፣ መሀሉ ደግሞ ሲታተም ስለሚጠቁር ቀድሞ እንዲነጣ። ቁጥሮቹ የዛ ማሽንና የዛ ወረቀት ናቸው፣ ሌላ ቦታ ሌላ ይሆናሉ፣ መሰላሏን ግን የትም መስራት ይቻላል።

ንፁህ ወረቀት ሆኖ መቅረት ያለበትን ቦታ ኮምፒውተሩ እንዲወስን አልፈቀድንም። እያንዳንዱን ስዕል ፎቶኮፒ አደረግነውና በቀይ እስክሪብቶ ነጭ የሚሆነውን ብቻ ከበበችልኝ፣ ፀሀይ የመታው የጎፈር ጫፍ፣ የግልገሉ ጀርባ፣ የልጁ ጥርስ። ከዛ ውጪ ያለው ሁሉ ቢያንስ ትንሽ ግራጫ አለው። ለ26 ስዕል ይህን ማድረግ አድካሚ ነው፣ ግን የሰአሊው እጅ ፋይሉ ላይ የሚገባበት ቦታ እዚህ ነው ብዬ አምናለሁ፣ ለዲዛይነር ጥሎ መሄድ የለበትም።

ፋይሉን በሙሉ ወደ ጥቁር ብቻ ቀየርነው። በአንድ ቀለም ስለሚታተም አረንጓዴው ጠፋ፣ ለየቀለሙ የሚሰራው የማተሚያ ሳህን፣ ፕሌቱ፣ ከአራት ወደ አንድ ስለወረደም ወጪው ቀለለ።

ስድስት ስዕሎች ግን በምንም ሊድኑ አልቻሉም። እነሱን እንደገና ሳለቻቸው፣ በዚህኛው ጊዜ 8ቢ ላይ መጫን ትታ 4ቢን እየደራረበች፣ በጣም ጥቁር የሚሆነውን ቦታ ደግሞ በከሰል ሰራችው፣ ከሰል ስለማያብለጨልጭ። ሌላም ነገር ቀየረች። ኤ3ው ወደ 21 ሴንቲ ሜትር ገፅ ሲያንስ መስመሮቹ ይቀራረቡና መሀላቸው ይደፈናል፣ ስለዚህ አዲሶቹን ከመፅሀፉ ብዙም በማይበልጥ መጠን ነው የሳለችው፣ በመስመርና በመስመር መሀል አየር ትታ። በሶስት ቀን አንድ ትጨርስ ነበር፣ ከበፊቶቹ የተሻሉ ናቸው ብላ ራሷ መሰከረች።

ቃልና እርሳስ ስራ ሲከፋፈሉ

ይሄ ለኔ የጉዳዩ ዋና ቦታ ነው። ስዕሎቹን አስተካክለን ገፅ ላይ ስናስቀምጣቸው ፅሁፉ ቦታ አጣ፣ ገፁም ወደ 38 ሄደ፣ መፅሀፍ ደግሞ ብዙ ጊዜ በ16 ገፅ እየታጠፈ ነው የሚታተመው፣ 32 መሆን ነበረበት። እኔ ፊደሉን ላሳንስ አልኩ። እሷ እምቢ አለች፣ ፅሁፉን ፕሪንት አድርጋ ከየስዕሉ አጠገብ አስቀመጠችና ስዕሉ የሚናገረውን አረፍተ ነገር ሁሉ በእርሳስ ትሰርዝ ጀመር።

የጭላዳው ገፅ በፊት እንዲህ ይል ነበር፦ "ጉም ተራራውን ሸፍኖታል። ትልቁ ወንድ ጭላዳ ጎፈሩን ነፋስ እየበተነው ጀርባውን ሰጥቶ ተቀምጧል። ደረቱ ላይ ያለው ቀይ ምልክትም ከሩቅ ያስታውቃል።" ጉሙ ስዕሉ ላይ አለ፣ ጎፈሩም ነፋሱም አለ፣ ሁለቱንም ሰረዘቻቸው። ሶስተኛው ጋር ስትደርስ እጇ ቆመ። ጭላዳ ደረቱ ላይ ፀጉር የሌለው ቀይ ቦታ አለው፣ ያየው ሰው ሁሉ የሚያስታውሰው እሱን ነው፣ እርሳስ ግን ቀይ የለውም። ምንም ያህል ጎበዝ ብትሆን ያንን በግራጫ ማሳየት አትችልም። የዛን ገፅ ፅሁፍ በሙሉ አጠፋችውና ገፁ ሲገለበጥ፣ ጭላዳው ዞር ብሎ በሚታይበት ቦታ፣ ሁለት አረፍተ ነገር ብቻ አስቀመጠች፦ "ዞር ሲል ደረቱ ቀይ ነው። እፍ እንዳሉት ፍም።"

ከዛ በኋላ መንገዱ ተገኘ። እርሳስ የሚችለውን እርሳስ ይስራው፣ ቅርፅ፣ ጉም፣ ፀጉር፣ ርቀት፣ የፊት ሁኔታ። ቃሉ ደግሞ ቀለም፣ ድምፅ፣ ሽታ፣ ጊዜ፣ ልጁ በልቡ የሚለውን ይያዝ። ከ1,900 ቃል ወደ 640 ወረደ። ሰአሊና ፀሀፊ ሁለት ሰው ቢሆኑ ይሄ ላይ ይጣሉ ነበር ብዬ አስባለሁ፣ ፀሀፊው ያለቀሰበትን አረፍተ ነገር ሰአሊው ሰርዝ ሲለው። እሷ ሁለቱንም ስለሆነች ጥቅሙ እዚህ ላይ ነው የታየኝ፣ ጉዳቱም እንደዛው፣ ከመጀመሪያው ስትፅፍ ስዕሉ ጭንቅላቷ ውስጥ ስላለ ሳታስበው ስዕሉን በቃል ትገለብጠው ነበር።

ያልሰሩ ነገሮች

ሄር ስፕሬይ። እርሳሱ እንዳይፋቅ የሚረጨው ፊክሳቲቭ ውድ ስለሆነ ብዙ ሰው በፀጉር ስፕሬይ ይተካዋል፣ እሷም አራት ስዕል ላይ ረጨችው። ሁለቱ ላይ ጠብታው አርፎ ክብ ክብ እድፍ ተወ፣ ፈዛዛው ጉም ላይ ስለሆነ ከወረቀቱ ሊጠፋ አልቻለም። አንዱን ኮምፒውተር ላይ አፀዳሁት፣ አንዱ ግን እንደገና ከሚሳሉት ስድስቱ መሀል ገባ። አሁን ምታደርገው በየስዕሉ መሀል ዘይት ወረቀት ማስገባትና ጠፍጣፋ ካርቶን ውስጥ ማስቀመጥ ብቻ ነው። ክረምቱም ጎድቶናል፣ የቤቱ እርጥበት ወረቀቱን አጎበጠው፣ የጎበጠ ወረቀት ደግሞ ስካነር ላይ መሀሉ ጥላ ይሰራል፣ ከባድ መፅሀፍ ስር ለቀናት ማስተኛት ነበረብን።

አርት ፔፐር። እሷ የሚያብለጨልጭ ወረቀት ጥራት ይመስላት ነበርና በሱ አንድ ገፅ አሳትመን አየን። ነጠብጣቡ ጥርት ብሎ ይታያል፣ ግን እርሳስነቱ ጠፋ፣ ፎቶ መሰለ። 80 ግራም ኦፍሴት ደግሞ ጥቁሩ ስዕል ከጀርባ ያሳልፋል። መጨረሻ 100 ግራም ላይ ተስማማን።

ፅሁፉን ወደ ዩኒኮድ፣ የትም ኮምፒውተር ላይ ወደሚነበበው የፊደል ስርአት፣ ስንቀይርም አንድ ነገር አምልጦን ነበር፣ በአራት ነጥብ ፋንታ ሁለት ነጥብን ደጋግማ ትተይብ ነበር፣ መስመር ሲያልቅ አንዱ ሁለት ነጥብ ላይ ሌላው ታች ቀረ። የታየን የመጨረሻው ፕሩፍ (ከህትመት በፊት የሚታየው ማረሚያ ቅጂ) ላይ ነው። ፈልጎ ሁሉንም መተካት የአንድ ደቂቃ ስራ ነው፣ መጀመሪያ ቢሆን።

ገንዘብና መብት

ይሄን አጭር አደርገዋለሁ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ እኛ ገና ሳምፕል ላይ ነበርን፣ ወረቀቱም ቀለሙም ፕሌቱም ከውጭ ስለሚመጣ የዋጋ ማቅረቢያው ለሶስት ቀን ብቻ የሚያገለግል ሆነ። 1,000 ኮፒ ያሰብነው ወደ 700 ወረደ፣ ያውም የእቁብ ብሯ ስለደረሳት። ውስጡን በሁለት ቀለም፣ ጥቁርና ቀይ፣ ለማድረግም አስበን ነበር፣ ለደረቱ ብቻ። ብሩ አልበቃም፣ እሷም ብዙ አልከፋትም፣ ቃሉ አለ አለች።

አንድ ድርጅት ደግሞ ስዕሎቹን ከነፋይላቸው በአንዴ ልግዛሽ ብሏት ነበር፣ በቃል። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ስራውን ለሰራው ሰው መብት ይሰጣል፣ ጥበቃውም ሰውየው በህይወት እስካለና ከሞተ በኋላ ለ50 አመት ነው። ወረቀቱን መሸጥና የማባዛት መብቱን መሸጥ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው፣ መብቱን የሚሰጥ ሰው በፅሁፍ መስጠት አለበት፣ ለምን ስራና ለስንት ጊዜ እንደሆነም ለይቶ ቢፅፈው ይሻላል። ይሄን ስትነግራቸው ተመልሰው አልመጡም። ሶስት ኦሪጅናል ግን በኋላ ለግለሰቦች ሸጣለች፣ ስካን ከተደረጉ በኋላ፣ የህትመቱን እዳ የዘጋላት እሱ ነው።

ለሌላ ስራ የሚወሰደው

በእርሳስ መፅሀፍ ልትሰሩ ካሰባችሁ አንድ ስዕል ብቻ ጨርሱና መጀመሪያ እሱን እስከ ማሽኑ ድረስ ውሰዱት፣ በሚታተምበት ወረቀት፣ በሚታተምበት መጠን። እኛ 26ቱንም ጨርሰን ነው የሄድነው፣ ስድስቱ የተጣሉት ለዛ ነው። ስልክ ለሀሳብ መለዋወጫ ጥሩ ነው፣ ለህትመት ግን ስካነር ተከራዩ፣ ለምናችሁም ቢሆን። ማሽን ላይ የሚሰሩትን ሰዎች አናግሯቸው፣ እኛ ብዙ ጊዜ ቢሮ ካለው ጋር ብቻ አውርተን እንመለሳለን፣ ወረቀቱን የሚያውቁት ግን ማሽኑ ስር የሚውሉት ናቸው። ገፁን ሳትጀምሩ በፊት ወረቀት አጥፋችሁ ባለ 32 ገፅ ዳሚ፣ ባዶ የመፅሀፍ ሞዴል፣ ስሩ፣ የት እንደሚገለበጥ እወቁ፣ ግማሹ ታሪክ ያለው ገፁ ሲገለበጥ ነው። ፅሁፋችሁንም ለልጆች ጮክ ብላችሁ አንብቡት፣ እሷ ለሁለተኛ ክፍል ተማሪዎቿ ስታነብ ልጆቹ መቁነጥነጥ የሚጀምሩበትን ገፅ ምልክት እያደረገች ነው የቀነሰችው።

ከወጣ በኋላ

ጥር 2017 ላይ ወጣ። ጉሙ አለ። ከኦሪጅናሉ ጋር ስታስተያዩት ትንሽ ጠፍቷል፣ በተለይ የሩቁ ገደል፣ ግን ያለ መሆኑን ታያላችሁ። መፅሀፍ መደብሮቹ በአደራ ነው የተቀበሉት፣ ሽያጩ ዘገምተኛ ነው፣ ብዙ ወላጅ ገልበጥ አድርጎ "ቀለም የለውም እንዴ?" ይላል፣ አንዳንዶቹም ልጆች የሚቀቡት መፅሀፍ መስሏቸው ነው የገዙት። ይሄን ስትሰማ መጀመሪያ በጣም ከፍቷት ነበር።

ሚያዝያ ላይ አንድ ትምህርት ቤት ላይብረሪ ልታነብ ሄዳ እኔም አብሬያት ነበርኩ። እዛ ያለው ኮፒ ሶስት ወር ያህል ከልጅ ልጅ ሲዘዋወር ጠርዙ ተልጧል። ጭላዳው ዞር የሚልበትን ገፅ ስትከፍት ደረቱ ላይ አንድ ልጅ በቀይ እስክሪብቶ ቀብቶታል፣ ከመስመሩ ሳይወጣ፣ ሌላ ምንም ገፅ ላይ ሳይነካ። ላይብረሪያኗ ደንግጣ ይቅርታ ልትጠይቅ ስትል እሷ መፅሀፉን ይዛ ወደ መስኮቱ ሄደች፣ ብርሀን ላይ አየችውና ያችን ኮፒ በአዲስ እንድትቀይርላት ለመነቻት። አሁን ጠረጴዛዋ ላይ ናት፣ እዛው ገፅ ላይ ተከፍታ።